ወንድሜ ሲተኛ የቆጠርነው

ሐሙስ፣ የካቲት አሥራ አንድ ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ላይ፣ ወንድሜ ተኝቶ ሳለ ሃምሳ ሁለት እስክቆጥር ድረስ አልተነፈሰም። ሃምሳ ሦስት ልል ስል፣ ውኃ ውስጥ ደፍቀው እንደለቀቁት ሰው አየሩን በጉሮሮው ጎትቶ ሳበው፣ አንድ እግሩ ተፈናጠረ፣ ከዚያ እንደ ልማዱ ማንኮራፋቱን ቀጠለ። እኛም ሳቅን። ከዚያ በፊት የነበረው ትልቁ ቁጥር አርባ አራት ስለነበር ሳቃችን ከወትሮው በረታ። ሃምሳ ብሎ የገመተው ቀለሜ አሸነፈ። እኔ ሠላሳ ብዬ ነበርና ተሸንፌ የዕለቱን ቁራጭ ወረቀት ጠረግሁ።

የምንሠራው ማተሚያ ቤት ነው። ምድር ቤቱ የጥራዝ ክፍል ነው። ከላይ ፎቅ የታተመው ወረቀት በጋሪ ይወርድልናል፤ እኔ እቆጥራለሁ፣ እማማ ክር የምንላቸው ባልቴት ይሰፋሉ፣ ወንድሜ ይቆርጣል። መቁረጫው ማሽን ከግድግዳ እስከ በር የሚደርስ ብረት ነው። ስንዝር የሚሞላ የወረቀት ክምር አስገብተህ ሁለቱን ቁልፎች በሁለት እጅ ስትጫን፣ ስለቱ ወርዶ አንዴ "ዱብ" ይላል፤ በቃ። ወንድሜ እዚያ ማሽን ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ቆሟል። አሥሩም ጣቶቹ ነበሩ። በዚህ ሥራ እንዲህ የሚባልለት ሰው ብዙ አይደለም።

የእኔ ሥራ ቆጠራ ነው። ወረቀቱን በግራ እጄ እዘረጋና በቀኝ አውራ ጣቴ አምስት አምስት እያደረግሁ እቆጥራለሁ፤ አምስት መቶ ሲሞላ ቀይ ቁራጭ እሰካለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ስቆጥር አፌ የራሱን ምት አበጅቷል። አንድ ቀን ቀለሜ በእጅ ሰዓቱ ቢይዘኝ፣ ስልሳ ስል ሃምሳ ዘጠኝ ሰከንድ ሆኖ አገኘው። "አንተ ሰዓት ነህ እንጂ ሰው አይደለህም" አለኝ። ቆጣሪ አድርገው የመረጡኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው። በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው፤ እዚህ ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው። አጭር፣ ደንደን ያለ፣ የሸሚዙ የአንገት ቁልፍ ተዘግቶለት የማያውቅ ሰው ነበር። ምሳውን በሩብ ሰዓት ጨርሶ ከመቁረጫው ጀርባ በተከመሩት የቁራጭ ወረቀት ጆንያዎች ላይ በጀርባው ይንጋለላል። ከዚያ የተሻለ ፍራሽ የትም የለም። የሻይ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ እንቅልፍ የወሰደው ቀን አለ፤ ብርጭቆውን ከጣቶቹ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ።

ማንኮራፋት ሲጀምር የአለቃችን ቢሮ መስታወት ይርገበገባል። "ባቡሩ" የሚለው ስም የወጣለት በዚህ ነው።

"ባቡሩ ተንቀሳቀሰ!" ይላል ቀለሜ። ቀለሜ የላይኛው ፎቅ ማሽን ሠራተኛ ነው። ቀለሜ ያልነው ትምህርት ስለሚወድ አይደለም፤ ከትምህርት ጋርስ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያዩት። ቀለሙ ከክርኑ በታች ስለማይለቅ ነው።

"ኧረ ቀስ በል! ሰውዬው ይነቃል" ይላሉ እማማ ክር።

"ይሄ? ይሄን መድፍ አይቀሰቅሰውም። የደላው ሙቅ ያኝካል አሉ።"

ማንኮራፋቱ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ ይልና ድንገት ቀጥ ይላል። "ጣቢያ ገባ!" ይላል ቀለሜ። ያኔ ሁሉም ቁጥሩን ይጠራል። ሃያ፣ ሠላሳ አምስት፣ አርባ። እኔ በለሆሳስ እቆጥራለሁ። ትንፋሹ ሲመለስ ከቁጥሩ እጅግ የራቀው ሰው የዚያን ቀን ቁራጭ ይጠርጋል። ይኸው ነው ጨዋታው። የእጅ ጽሑፍህ ጥሩ ነው ስለሚሉኝ፣ ውጤቱን በአሮጌ የመጽሐፍ ሽፋን ካርቶን ላይ የምጽፈውም እኔ ነበርኩ፤ ቀኑን፣ በስንት ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደቆመ፣ ረጅሙ ስንት እንደሆነ። ሁለት ዓመት ተኩል ጻፍኩት። ካርቶኑን ከጆንያዎቹ ጀርባ እሸጉጠው ነበር።

ማንም ክፉ አላሰበም። ጋሼን የማይወድ ሰው በዚያ ክፍል አልነበረም። ምሳ ረስቶ የመጣ ካለ የራሱን ከፍሎ የሚያበላ ሰው ነው።

ሌላው ሁሉ ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ነበር። ጠዋት ጠዋት ራሱን በሻርፕ አስሮ ይመጣል። "ይሄ ራስ ምታት እስከ አራት ሰዓት የእኔ ነው፣ ከአራት በኋላ የሥራው ነው" ይል ነበር። ውኃ በላይ በላዩ ይጠጣል፤ አፉ ይደርቃል። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ይነሳል። በፊት የማያውቀው ቁጣ መጣበት፤ ስም መርሳት ጀመረ። ልቅሶ ቤት ተቀምጦ አንቀላፍቶ የሟቹ እናት ናቸው የቀሰቀሱት። እሱ ግን ይኮራበት ነበር። "እንቅልፍ ከተባለ ማን ይችለኛል? ትራስ ሳይ ይወስደኛል" ይላል። እኛም የሚያንኮራፋ ሰው እንቅልፍ የጠገበ ሰው ነው ብለን እናምን ነበር።

ሚስቱን እትዬ እላታለሁ። ከስምንት ዓመት በፊት ትራሷን ይዛ ወደ ልጆቹ ክፍል ገብታለች። "ባሌን ጠልቼ አይደለም፣ ነገ ሥራ አለብኝ" አለች ያኔ፤ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው የምትሠራው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትገባለች። ግድግዳውም አልበቃት። ሌሊት ድምፁ ሲቆም "ተመስገን፣ ተገላበጠ" ትልና እሷም ትተኛለች። ይህን የነገረችኝ በኋላ ነው።

መጋቢት ላይ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ሥራ መጣ። ጋሼ ቆሞ እየቆረጠ ነበር። ቆሞ አንቀላፋ። እጆቹ ግን ሥራቸውን አልተዉም፤ ያስገባሉ፣ ይጫናሉ፣ ያወጣሉ። መለኪያው በግማሽ ጣት ተንሸራቶ ኖሮ የአንድ ሺህ አራት መቶ መጽሐፍ የእያንዳንዱ መስመር የመጨረሻ ፊደል ተቆርጦ ወደቀ። እማማ ክር አንዱን አንስተው ስፌቱን ሊያዩ ሲሉ ተቆርጦ አገኙት፤ ጮኹ። ጋሼ ብን ብሎ ነቃ። ዓይኖቹ ቀልተው ነበር።

አለቃው ጠሩት። አለቃው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን በማሽን ነገር አይቀልዱም። "ዛሬ ፊደል ነው የቆረጥከው" አሉት። "ነገ ጣትህን ነው። ሐኪም አይቶህ 'ደህና ነው' የሚል ወረቀት አምጣ፤ እስከዚያ ማሽኑን አትንካ።"

መጋቢት አሥራ ስድስት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ብቻውን ክሊኒክ ሄደ። አብሬህ ልሂድ ብለው "ሕፃን ነኝ እንዴ?" አለኝ። ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን እያውለበለበ መጣ። ጆንያዎቹ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሻይ ጠጣን።

"ሐኪሙ ጥሩ ልጅ ነው" አለኝ። "አፍንጫዬን በመብራት አየው፣ ግፊቴን ለካው። ከፍ ብሏል ብሎ ኪኒን ጻፈልኝ። 'ያንኮራፋሉ?' አለኝ፤ 'አንዳንዴ' አልኩት።"

"አንዳንዴ?"

"ታዲያ ምን ልበል? ባቡር ነኝ ልበለው?"

ደነገጥኩ። እሱ ሳቀ። "ስሜን የማላውቅ መሰለህ? ቀለሜ አፉ ክዳን አለው እንዴ!" ሻዩን ፉት አለ። "ደግሞ ምን ብሎ ጠየቀኝ መሰለህ? 'ተኝተው ሳለ ትንፋሽዎ ቆም ይላል ያለዎት ሰው አለ?' አይ የዘንድሮ ሐኪም! ተኝቼ ራሴን እንዴት ልየው? ማንም ብሎኝ አያውቅም አልኩት። 'እንግዲያው ማንኮራፋት ነው፤ ብዙ ሰው ያንኮራፋል፤ ክብደት ይቀንሱ' ብሎ ወረቀቴን ጻፈልኝ።"

ካርቶኑ ከተቀመጥንበት ሦስት እርምጃ አይርቅም ነበር። ነገሩ ምላሴ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ምን ብዬ ልንገረው? ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ተኩል በእንቅልፍህ ስንቀልድ ኖረናል፣ ጸሐፊውም እኔ ነኝ ልበለው? እሱ ባቡር መባሉን እንጂ መቆጠሩን አያውቅም። በዚያ ላይ ወረቀቱ በእጁ ነው፤ ለሥራ ብቁ ነው ይላል። አፌን ከከፈትኩ ማሽኑን ይነጠቃል። ማሽኑ ለእሱ ሥራው ብቻ አልነበረም። እኔ የምለው ከሐኪም አይበልጥም ብዬም ራሴን አታለልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል።

"ምነው ዝም አልክ?" አለኝ።

"ሻዩ አቃጠለኝ" አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልቆጥርም አልኩ። ቀለሜ "ምነው፣ ዛሬ ጨዋ ልሁን አልክ?" ብሎ ሁለት ቀን ሊቆጥር ሞከረና ቁጥሩ እየጠፋበት ተወው። ጨዋታው እንደዚያ ሞተ። እኔ ግን ልተወው አልቻልኩም። ጠረጴዛዬ ጋ ቆሜ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ አፌን ሳላንቀሳቅስ እቆጥር ነበር። ሠላሳ ስምንት። አርባ አንድ። ትንፋሹ ሲመለስ ወደ ወረቀቴ እመለሳለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ስጋደም፣ የሚስቴን ትንፋሽ ሳላውቀው እቆጥራለሁ። ደከመኝ። ከዚያ ሁሉ ድካም አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር ይቀል ነበር።

ግንቦት ሃያ አንድ፣ ቅዳሜ፣ እማማ ክር መርፌያቸውን ሳያነሱ "ዓይንህ ሥር ጠቁሯል" አሉኝ። "ወንድምህ ይተኛል፣ አንተ ታረጃለህ። ምን ሆነሃል?"

ነገርኳቸው። ሐኪሙ የጠየቀውን ጥያቄ ቃል በቃል ነገርኳቸው። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩት።

"ትንፋሽ ይቆማል ወይ ብሎ ጠየቀ?"

"አዎ።"

"እኛ የሳቅንበትን ነዋ የጠየቀው!"

"አዎ።"

"መቼ ነው ይሄ?"

"መጋቢት።"

ስድብ ጠብቄ ነበር። "እኔም ስቄአለሁ" አሉ። "ሃያ አምስት ብዬ ገምቼ አሸንፌም አውቃለሁ። እኔ ብነግረው ግን የአሮጊት ወሬ ነው። አንተ ወንድሙ ነህ። ካርቶኑን ብብትህ ሥር ከተህ ሂድ። በቃልህ አትንገረው፣ ትሸራርፈዋለህ፤ ካርቶኑን ስጠው።"

በማግስቱ እሑድ ቤቱ ሄድኩ። ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጦ ራዲዮ ይሰማል፤ ይሰማል ልበል እንጂ አገጩ ደረቱ ላይ ነበር። እትዬ ልብስ ታጥፋለች። ካርቶኑን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ማውራት ጀምሬ ነበር፤ እጁን አንስቶ አስቆመኝ። መነጽሩን አደረገ። ከላይ "የባቡሩ ጉዞ" የሚለውን በእኔ ጽሑፍ አነበበ። ከዚያ በጣቱ እየተከተለ ወረደ። መስመር በመስመር። እንደዚያን ቀን ዝም ብሎ ያነበበ ሰው አላየሁም።

"ይሄ ሃምሳ ሁለት የሚለው ምንድን ነው?"

"ሰከንድ ነው ጋሼ። ሳትተነፍስ የቆየኸው።"

"ሃምሳ ሁለት።" መነጽሩን አወለቀ። "ማን አሸነፈ?"

"ቀለሜ።"

"ማን ጠረገ?"

"እኔ።"

"ደግ አደረገህ" አለኝ። ከዚያ በኋላ እስክወጣ ድረስ ቀና ብሎ አላየኝም። እትዬ ካርቶኑን ከጉልበቱ ላይ አነሳችው። እሷም አነበበች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ግን ወደ እኔ አልዞረችም። "ስምንት ዓመት" አለች። "በግድግዳው በኩል ዝም ሲል ተመስገን ስል ኖሬአለሁ።" የታጠፈውን ልብስ ፈታችና እንደገና አጠፈችው።

ግንቦት ሠላሳ ቀን፣ ሦስታችንም ትልቁ ሆስፒታል ሄድን። የእንቅልፍ ሐኪም አለች አሉን። ቀጠን ያለች፣ እሷም እንቅልፍ ያልጠገበች የምትመስል ሴት ናት። ጋሼ ካርቶኑን ራሱ አወጣና ሰጣት። "የመሥሪያ ቤቴ ልጆች ናቸው የሠሩት" አለ፤ እንደ ምስክር ወረቀት ነው ያቀረበው። አነበበችው። ገልብጣ ጀርባውንም አየችው። ኮፒ አስነስታ ማኅደሩ ውስጥ ከተተችው።

"ይሄን የመሰለ ነገር ያመጣልኝ ሰው የለም" አለች። "ብዙው የሚመጣው ሚስቱ አስገድዳው ነው፤ እሱ ይክዳል።"

"እኔም ያንኮራፋሉ ነው የተባልኩት" አለ ጋሼ።

"ማንኮራፋት ሁሉ በሽታ አይደለም። ሲተኙ ጉሮሮ ይላላል፣ አየሩ ሲያልፍ ያርገበግበዋል፤ ድምፅ ነው። ምቱን ሳይስት ሲያንኮራፋ አድሮ ጠዋት ዓይኑ በርቶ የሚነሳ ሰው፣ የሚበጠብጠው አጠገቡ ያለውን ነው። የእርስዎ እንደዚያ አይደለም። ጉሮሮዎ ጭራሽ ይዘጋል። ደረትዎ ይታገላል፣ አየር አይገባም። አንጎልዎ ደንግጦ ይቀሰቅስዎታል፤ እርስዎ ግን መንቃትዎን አያውቁትም። ሌሊቱን ሙሉ ሲታገሉ አድረው ጠዋት 'ደህና ተኛሁ' ይላሉ። ልብም ግፊትም አብረው ሲታገሉ ነው የሚያድሩት።" ብዕሯን አስቀመጠች። "ጠግበው ተኝተው ከተነሱ ስንት ዓመት ሆነዎት?"

ጋሼ ወደ እትዬ ዞረ። "አሥር ይሆናል?" አላት፤ የሌላ ሰው ዕድሜ የሚጠይቅ ይመስል።

ሌሊት አስተኝተው፣ ራሱ ላይና ደረቱ ላይ ሽቦ አድርገው መለካት ነበረባቸው። ከዚያ በኋላ ነው አየር በጭንብል የሚነፋለትን መሣሪያ የሚያዙለት። መለኪያው አንድ ነው፤ ወረፋው ረጅም ነው። ቀጠሮው ለነሐሴ አራት ሆነ። እስከዚያ በጀርባዎ አይተኙ፣ መቁረጫውን አይንኩ አለችው።

በማግስቱ ጋሼ ራሱ ወደ አለቃው ቢሮ ገባና "ማሽኑን ለሌላ ስጡ" አለ። አለቃው ከጥራዝ ክፍሉ ኋላ ያለውን የወረቀት መጋዘን እንዲይዝ አደረጉት። ቁልፍ ሰጡት። እማማ ክር የደረቀ ወረቀት ጠቅልለው፣ ቡጢ የሚያህል ጓል ሠርተው፣ ከሥራ ካፖርቱ ጀርባ ላይ በጥራዝ ክር ሰፉለት፤ በጀርባው ሲገላበጥ እንዲቆረቁረው። "ግመል አደረጉኝ" አለ። እትዬ ትራሷን ይዛ ወደ መኝታ ቤቱ ተመለሰች። ሌሊት ሌሊት እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ ትተኛለች፤ ሲቆም ትነቀንቀዋለች። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ትገባለች። በዚያ ክረምት ሁለቱም እኩል አረጁ።

ከእኔ ጋር መነጋገር የጀመረው በሦስተኛው ሳምንት ነው። መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ጠራኝ።

"አንድ ነገር ልለምንህ" አለኝ። ጋሼ ለምኖኝ አያውቅም፤ ያዘኛል እንጂ።

"እዘዘኝ።"

"ስተኛ ማንም እንዳያየኝ። አንተም ብትሆን። በሩን ከውስጥ እቆልፋለሁ። ሰው ሲነቃ ፊቱን አጥቦ ነው ሰው ፊት የሚቀርበው። እኔ ስንት ዓመት አፌን ከፍቼ ፊታችሁ ተጋድሜ ኖሬአለሁ።"

ምን እላለሁ? ሐኪሟ ብቻህን አትተኛ አላለችም፤ በጎን ተኛ ነው ያለችው። ደግሞ በዚህ ነገር እሱን እምቢ የማለት መብት አልነበረኝም። እሺ አልኩት። ለሌሎቹም ነገርኳቸው። ሁሉም አፍሮ ስለነበር ደስ አላቸው። ምሳችንን ይዘን ወደ ግቢው ወጣን፤ ቆርቆሮው ሥር መብላት ጀመርን። ቀለሜ በመጋዘኑ በኩል ሲያልፍ ጫማውን እስከ ማውለቅ ደረሰ። ለክብሩ ብለን ነው።

ሐምሌ አሥራ ሦስት ማክሰኞ ነበር። ስምንት ሰዓት ሲሆን ገባን። የሽፋን ወረቀት ፈልጌ ወደ መጋዘኑ በር ሄድኩ። ተቆልፏል። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ምንም ድምፅ የለም። "ነቅቷል፣ ፊቱን እየታጠበ ነው" አልኩ በልቤ። እፎይ አልኩ፤ ልክ እንደ እትዬ። ተመልሼ ሌላ ሥራ ያዝኩ። ሁለት ቀይ ቁራጭ ሰካሁ፤ አንድ ሺህ ወረቀት ማለት ነው። ለሦስተኛው እጄን ስዘረጋ ቁጥሩ ጠፋብኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ወረቀቱን ጥዬ ሮጥኩ።

በሩን ቀለሜ ነው በትከሻው የሰበረው። ሞቆት ይሁን ቆርቁሮት፣ ካፖርቱን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቅሎታል። ወረቀት ላይ በጀርባው ተጋድሟል። አፉ ተከፍቷል። እጁን ስይዘው ገና አልቀዘቀዘም። እማማ ክር ከኋላዬ ገቡና ነጠላቸውን ፊቱ ላይ አደረጉ። "እሺ፣ ማንም አያይህም" አሉት።

ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ።

ነሐሴ አራት ቀን ሆስፒታል ሄድኩ፤ ቀጠሮውን ልሰርዝ። ሐኪሟ ስታየኝ ገባት። አስቀመጠችኝ። እኔ ሒሳቡን ሠርቼ ነበር የሄድኩት። ከመጋቢት አሥራ ስድስት እስከ ግንቦት ሃያ ሁለት ነገሩን ስልሳ ስድስት ቀን ይዤው ቆይቻለሁ። እሱ የሞተው ቀጠሮው ሃያ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ያን ሐሙስ ሻዩን ስንጠጣ ብናገር ኖሮ፣ ከመሞቱ ስድስት ሳምንት በፊት ተለክቶ ነበር።

"እንዲያ ቢሆን ይድን ነበር?" አልኳት።

"አላውቅም" አለች። "ብዙ ዓመት የተጎዳ ልብ ነው። አላውቅም።"

"በሩ ክፍት ቢሆንስ? አንድ ሰው አጠገቡ ቢቀመጥስ?"

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አስተካከለች፤ ከዚያ እንደገና አስተካከለች። "አንዳንዱን መነቅነቅ ይመልሰዋል" አለች። "አንዳንዱን አይመልሰውም።"

ውጭ ወረፋ የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ግማሾቹ ተቀምጠው አንቀላፍተዋል። አንዱ ያንኮራፋ ነበር። ሚስቱ አፍራ በክርኗ ጎሰመችው። አጠገቧ ቆምኩና "ዝም ይላል? መሀል ላይ ዝም ይላል?" አልኳት። እብድ ነው ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች። እኔ ግን መልሷን እስክትሰጠኝ አልሄድኩም። "አይ፣ እንዲሁ ሲነዛነዝ ነው የሚያድረው" አለችኝ በመጨረሻ። "ግድ የለም፣ ለሐኪሟም ልክ እንደዚሁ ንገሪያት" አልኳትና ወጣሁ።

ማሽኑን አሁን አንድ ወጣት ይዞታል። ምሳችንን ወደ ውስጥ መልሰነዋል። የደከመው ሰው ጆንያው ላይ ይተኛል፤ አንዳችን ሥራ ፈትተን አጠገቡ እንቀመጣለን፣ ስለዚህ ጉዳይ ግን አንነጋገርም።

የጋሼ ትልቋ ልጅ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እሷም ታንኮራፋለች። ጥቅምት ላይ እትዬና እኔ ወሰድናት፤ አንድ ሌሊት በሽቦ ተኝታ አደረች። ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ማንኮራፋት ብቻ ነው።